የቢራ አተላ፣ ሰጋቱራና እበት፦ ሰበታ ዳር የተዘረጋ የተረፈ ምርት ቅብብል የሥራ ማስታወሻ

ቅብብሉ ውስጥ ያሉት አንድ የቢራ ፋብሪካ፣ አንድ የዱቄት ፋብሪካ፣ ሁለት የእንጨት ሥራ ቤቶች፣ 25 ላሞች የሚታለቡበት አንድ የወተት በረትና አንድ የአበባ እርሻ ናቸው። ሁሉም ከዓለም ገና ሰበታን አልፎ በሚሄደው መስመር ዙሪያ ናቸው፤ በአይሱዙ አንዱ ከሌላው ከአንድ ሰዓት በላይ አይርቅም። አንዱ የሚጥለውን ሌላው እንዲጠቀምበት ማድረግ ሲወራ ቀላል ነው። ከዚህ በታች ያለው ሲሠራ የተመዘነው፣ የተበላሸውና የተስተካከለው ነው።

ኅዳር 3 ቀን። ቆጠራ

አንድም መኪና ሳይንቀሳቀስ በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ አምስት ዓምድ ተሰመረ፦ ምን ይወጣል፣ ስንት ኪሎ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ቀን ሳይበላሽ ይቆያል፣ ማን ይፈልገዋል። ብዙዎች ሦስተኛውንና አራተኛውን ዓምድ ይዘሏቸዋል። የሚያከስሩት ግን እነሱ ናቸው።

ሰጋቱራ ሸራ ሥር ስድስት ወር ቢቀመጥ ያው ሰጋቱራ ነው። የቢራ አተላ፣ ማለትም ቢራ ሲጠመቅ ተጣርቶ የሚቀረው የብቅል ቅሪት፣ ግን እንዲህ አይደለም። 100 ሊትር ቢራ ሲጠመቅ 20 ኪሎ ያህል እርጥብ አተላ ይወጣል። ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ነው። ከቀሪው ደረቅ ክፍል ከ20 እስከ 30 በመቶው ፕሮቲን ነው። ትኩስ፣ እርጥብና ገንቢ ስለሆነ ለላሟ የሚጥመው ለሻጋታውም ይጥመዋል። በሞቃት ቀን ክፍት ከተተወ በሁለት ቀን ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። ቢራ ፋብሪካው በአንድ ጊዜ የሚያወጣው 50 ኩንታል ነው፤ በረቱ ደግሞ በሁለት ቀን ከ5 ኩንታል በላይ አይጨርስም። ስለዚህ ቀሪውን 45 ኩንታል ማቆየት ካልተቻለ ቅብብል የሚባል ነገር የለም።

ከቆጠራው ጎን ለጎን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። በደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ሕጉ መሠረት ደረቅ ቆሻሻ መሰብሰብ፣ ማጓጓዝና መጠቀም ከከተማ አስተዳደሩ ፈቃድ ይፈልጋል። ጭነቱ መንገድ ላይ ከመቆሙ በፊት ወረቀቱ በእጅ ይኑር።

ኅዳር 5 ቀን። ውሃውን በምጣድ መለካት

ሁሉም ስሌት የሚቆመው በአንድ ቁጥር ላይ ነው፤ እሱም የአተላው ደረቅ ይዘት ነው። ላቦራቶሪ ባይኖርም ምጣድና ግራም የሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃሉ። 100 ግራም አተላ ይመዘናል፤ ምጣዱ ላይ በስሱ ይበተናል፤ በጣም ዝቅ ባለ እሳት እየተማሰለ ይደርቃል። በየ10 ደቂቃው ይመዘናል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያው ክብደት ሲነበብ አልቋል። 22 ግራም ከቀረ ደረቅ ይዘቱ 22 በመቶ ነው።

እሳቱ ከበረታ ጠርዙ ይቆላል። መቆላቱን የሚናገረው ሽታው ነው፤ ለቆሎ የሚያምር ሽታ እዚህ ጥፋት ነው። ደረቁ ነገር ራሱ እየነደደ ስለሆነ ሚዛኑ አሳንሶ ያነባል። ያ ናሙና ይጣልና ሌላ ይጀመራል።

ናሙና የሚወሰደው ከአንድ ቦታ አይደለም። ከአንድ ጭነት ከላይ የተወሰደው 24፣ ከመሃል 22፣ ከታች ደግሞ 19 ግራም ሰጠ። ውሃው ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። ከላይ ብቻ የለካ ሰው ጭነቱ ከእውነቱ ይልቅ ደረቅ ይመስለዋል፤ ውሃውን ለመምጠጥ የሚጨምረው የዱቄት ፋብሪካው ፉርሽካም ያንሳል።

ኅዳር 6 ቀን። የመጀመሪያው ጭነት

አይሱዙው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተጭኖ በረቱ ጋ የደረሰው 9 ሰዓት ላይ ነው። መንገዱ ሳይሆን በር ላይ የነበረው የሰነድ ልውውጥ ነው ቀኑን የበላው። አተላው በፀሐይ ቆሞ መሃሉ ሞቆ ነበር። የመኪናው ወለልም ስላልተሸፈነ አስፋልቱ ላይ እየተንጠባጠበ መጣ፤ የሚንጠባጠበው ደግሞ ዝንብ የሚጠራ ጣፋጭ ውሃ ነው።

ከዚህ በኋላ የተለወጡት ሦስት ነገሮች ናቸው። ወለሉና ጎኑ ላይ ወፍራም ሸራ ወደ ላይ ታጥፎ ይነጠፋል። ሰነዱ በዋዜማው ያልቃል። ከፋብሪካው ጋርም አተላው ከማጣሪያው ከወጣ በኋላ ጠፈፍ ብሎ እንዲጫን ስምምነት ተደረሰ።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ ይከብዳል፦ ጋኖቹና ቧንቧዎቹ የታጠቡት መቼ ነው? ቢራ ፋብሪካ መሣሪያውን የሚያጥበው በኮስቲክ ሶዳና በአሲድ ነው። የእጥበቱ ውሃ ከአተላው ጋር ወደ አንድ መያዣ ከገባ ያ ጭነት ለከብት አይሆንም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጭነት የተጠመቀበት ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ይወጣል። ወረቀት የሌለው ጭነት አይራገፍም።

ኅዳር 7 ቀን። ማዋሃድና መርገጥ

ዘዴው ገፈራ ነው፤ ማለትም አየር አሳጥቶ ማኮምጠጥ። አሲዱን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ስኳር ይፈልጋሉ። የአተላው ስኳር ግን በጠመቃው ጊዜ ወደ ቢራው ስለሄደ ብቻውን ደህና አይኮመጥጥም። ሞላሰስ፣ ማለትም ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ፣ የሚገባው ለዚህ ነው። ፉርሽካው ደግሞ ውሃውን ይመጥጣል።

መጠኑ እንዲህ ወጣ። 1,000 ኪሎ አተላ በ22 በመቶ 220 ኪሎ ደረቅ ነገር ይዟል። የድብልቁ ደረቅ ይዘት ወደ 30 በመቶ እንዲደርስ 30 ኪሎ ሞላሰስና 115 ኪሎ ፉርሽካ ይጨመራል። ለ4,500 ኪሎ አተላ 135 ኪሎ ሞላሰስና 518 ኪሎ ፉርሽካ ማለት ነው። ፉርሽካ በጆንያ ሲቆጠር ያታልላል፤ ቀላልና ብዙ ቦታ የሚይዝ ስለሆነ ሙሉ ጆንያ ኩንታል አይሞላም። እያንዳንዱ ይመዘናል።

ሞላሰስ በኅዳር ጠዋት ከጄሪካን አይወርድም። በውሃ ማቅጠን ይቀላል፤ ግን ያ በፉርሽካ ስንገፋው የነበረውን ውሃ መልሶ ማስገባት ነው። የሚሻለው ጄሪካኑን ትኩስ አተላ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት መቅበር ነው። ይለሰልሳል፣ ያለ ጠብታ ውሃም ይፈስሳል።

ከድብልቁ 1,145 ኪሎ ያህል በሰባት ባለ 200 ሊትር ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች ገባ። ቀሪው 4 ቶን ገደማ 3 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ተኩል ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ባለው፣ ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ተቀመጠ። ከ15 ሳንቲ ሜትር የበለጠ ንጣፍ በአንዴ አይጨመርም። እያንዳንዱ ንጣፍ በንጹሕ ቦቲ ይረገጣል፤ ጠርዙና ማዕዘኑ በተለይ በተረከዝ ይጠቀጠቃል። እግር ሲነሳ ዱካው ተመልሶ ካበጠ ገና አየር አለ። ጉድጓዱ ላይ ላስቲኩ ይመለሳል፤ 20 ሳንቲ ሜትር አፈር፣ ከዚያም አሮጌ ጎማ ይጫናል። ዙሪያው የጎርፍ ቦይ ይቆፈርለታል።

ኅዳር 10 ቀን። ሁለት በርሜሎች

አምስቱ ክዳናቸው በትንሹ ነፍቷል፤ ጋዝ ስለሚወጣ ይህ ደህና ምልክት ነው። ቀለበቱን ለአፍታ ላላ አድርጎ ወዲያው መመለስ ይበቃል። ሁለቱ ግን አልነፉም፣ ጎናቸውም ሲዳሰስ ለብ ይላል። ክዳናቸው ቀደም ሲል ተሰንጥቆ ኖሯል። አየር የሚያገኝ ድብልቅ ይሞቃል፤ አየር የሌለው ይኮመጥጣል። ሁለቱም ውስጣቸው ላስቲክ ሆኖ ክዳኑ በካላማዳሪያ ጎማ ተጠፍሮ ታሰረ። አንደኛውን ለማትረፍ መዘግየቱ የታወቀው ሲከፈት ነው።

ኅዳር 15 ቀን። ጾም ገባ

የነቢያት ጾም ገብቷል፤ እስከ ገና ወተት የሚጠይቀው ሰው ይቀንሳል። በረቶች በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀንሱት የመኖ ግዢን ነው። ቢራ ፋብሪካ ደግሞ ለገናና ለጥምቀት ገበያ አስቀድሞ ይጠምቃል። አተላው የሚበዛው ፈላጊው በሚያንስበት ሳምንት ነው ማለት ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው የተገፈረው አተላ ነው፤ አሁን ተቀብሮ ከገና በኋላ ወተት ሲፈለግ ይወጣል። ለዐቢይ ጾም 55 ቀናትም ስሌቱ ይኸው ነው። የቅብብሉ ዕቅድ ያለ አጽዋማቱ የቀን መቁጠሪያ ከተሠራ ጉድጓዱ ሁልጊዜ ባልተፈለገ ጊዜ ይሞላል።

ኅዳር 18 ቀን። ሰጋቱራ ሁሉ ሰጋቱራ አይደለም

ሁለቱ የእንጨት ሥራ ቤቶች ባሕር ዛፍ፣ ጽድና ዋንዛ ይሰነጥቃሉ፤ ከእንጨት ብናኝና ፍርፋሪ ተጨምቀው የሚሠሩትን ኤምዲኤፍና ቺፑድ የተባሉ ሰሌዳዎችም ይቆርጣሉ። መጥረጊያው ሁሉንም ወደ አንድ ጆንያ ያስገባል። ኤምዲኤፍና ቺፑድ በፎርማልዴሃይድ ሙጫ የተጣበቁ ስለሆኑ ከላም ሥርም ከኮምፖስትም መግባት የለባቸውም።

አንዴ ከተደባለቀ በኋላ መለየት አይቻልም፤ ሥራው ከመጋዙ ሥር መጀመር አለበት። ለመለየት ያህል የእንጨት ሰጋቱራ ሲጨበጥ ሸካራ ነው፣ ስንጥር አለው፣ ቀለሙ ይዘበራረቃል። የኤምዲኤፍ ብናኝ እንደ ሽሮ የላመ፣ አንድ ዓይነት ቡናማና ጣት ላይ የሚጣበቅ ነው። ከሥራ ቤቶቹ ጋር የተደረሰው ስምምነት ኤምዲኤፍ የሚቆረጠው በአንድ መጋዝ ብቻ እንዲሆንና የዚያ መጋዝ ብናኝ ቀይ ክር በታሰረ ጆንያ እንዲገባ ነው። ቀለም ወይም ቫርኒሽ ተቀብቶ የተላገ እንጨትም ወደ ቀይ ክር ይሄዳል።

የተለየው ሰጋቱራ በወንፊት ሲነፋ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይያዝለታል። ከአንድ ጆንያ ሚስማርና የመጋዝ ጥርስ ወጥቷል። ላም የዋጠችው ሚስማር ከሆዷ ተነስቶ እስከ ልብ ሽፋን ሊደርስ ይችላልና ይህ ደረጃ አይታለፍም። ከዚያ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እርጥብ ሰጋቱራ ጡት የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎችን ያረባል። በረት ውስጥ የሚጎዘጎዘው 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የረጠበው ክፍል በየቀኑ ይነሳል።

ኅዳር 24 ቀን። ክምር

እበቱና ሰጋቱራው ተደባልቀው ለአበባ እርሻው ኮምፖስት እንዲሆኑ ይከመራሉ። 25 ላሞች በቀን 625 ኪሎ ያህል እበት ይሰጣሉ፤ የስምንት ቀኑ 5 ቶን ነው። የካርቦንና የናይትሮጅን ምጥጥኑን ወደ 28 ለ1 ለማምጣት 500 ኪሎ ደረቅ ሰጋቱራ ይበቃል፤ ከበረት የወጣው ጉዝጓዝም ከዚሁ ይቆጠራል። መጽሐፍ ላይ ነገሩ እዚህ ያበቃል። ሜዳ ላይ ግን አያበቃም፤ ድብልቁ 74 በመቶ ውሃ ነውና። በእጅ ሲጨመቅ በጣቶች መካከል ይወርዳል። እንዲህ የረጠበ ክምር አየር ስለማያገኝ ሳይሞቅ ይሸታል። እርጥበቱ 60 በመቶ እስኪሆን ከእያንዳንዱ ቶን እበት 390 ኪሎ ያህል ውሃ መውጣት አለበት።

ሰጋቱራ መጨመር ይቀላል፤ ግን ምጥጥኑ ከመጠን ያልፍና ክምሩ ለወራት ይተኛል። ለመጀመሪያው ክምር እበቱ 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ተዘረጋ። ፀሐይ ከውሃው ጋር ናይትሮጅኑንም በአሞኒያ መልክ ይወስዳል፤ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ የሚጠፋው ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ ከሁለተኛው ክምር ጀምሮ ለአንድ ቶን እበት 600 ኪሎ የበሰለ ደረቅ ኮምፖስት ይመለስበታል፤ እርጥበቱ ወደ 58 በመቶ ይወርዳል፣ ናይትሮጅኑም አይባክንም።

ክምሩ 2 ሜትር ተኩል ስፋት፣ 1 ሜትር ከ30 ከፍታና 3 ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት ነበረው። በየጠዋቱ ቴርሞሜትር ይገባበታል። ቴርሞሜትር ከሌለ ፌሮ ተሰክቶ ለ10 ደቂቃ ይተዋል፤ ሲወጣ እጅ ላይ አምስት እስኪቆጠር መያዝ ካልተቻለ ክምሩ እየሠራ ነው። ጀርምና የአረም ዘር እንዲሞት 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ለ15 ቀን መቆየትና በመሃል አምስት ጊዜ መገልበጥ አለበት። የሚገለበጠው ጠርዙ መሃል እንዲገባ ነው፤ ቦታ ማዛወር ብቻ ጥቅም የለውም።

የአበባ እርሻው በበኩሉ የተቆረጠ የጽጌረዳ ግንድና ቅጠል ለበረቱ ሊሰጥ ጠይቆ ነበር። አልተቀበልነውም። ፀረ ተባይ የተረጨ ቅጠል በላም በኩል ወደ ወተት መግባት የለበትም። ለብቻው ይከመር፣ ወደ አበባው ይመለስ።

ታኅሣሥ 5 ቀን። በርሜል ሲከፈት

በቆላ 21 ቀን ይበቃ ነበር፤ እዚህ ግን የኅዳር ሌሊት ብርድ ስለሚያዘገየው 28 ቀን ተጠበቀ። ስድስቱ በርሜሎች ወርቃማ ቡናማ ናቸው፤ ሽታቸው የእርሾ፣ ኮምጣጣነትን የሚለካው የፒኤች ወረቀትም ከ4 እስከ 4.2 አሳየ። ከ4.5 በላይ የሆነ አይታመንም።

ሰባተኛው ከላይ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ ይዟል። ከሥሩ ያለው ደግሞ በሳል ቅቤ ይሸታል። ያ ሽታ ቡቲሪክ አሲድ ነው፤ ውሃው በዝቶ ወይም አሲዱ ዘግይቶ የማይፈለጉት ባክቴሪያዎች መቅደማቸውን ይናገራል። በረት ውስጥ ሻጋታውን ገፎ የቀረውን መስጠት የተለመደ ነው፤ ልማዱ ግን መቅረት አለበት። ከአዲስ አበባ ዙሪያ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ተመርምረው በ29ኙ ውስጥ አፍላቶክሲን ኤም1 የተባለው የሻጋታ መርዝ በሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ተገኝቷል፤ ዋናው ምንጭ የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ላሟ የበላችው መርዝ ወተቱ ውስጥ ገብቶ ሕፃን ጋ ይደርሳል፣ መፍላትም አያጠፋውም። ሰባተኛው በርሜል ሙሉ በሙሉ ወደ ክምሩ ሄደ።

ታኅሣሥ 6 እስከ 14። ማላመድ

የተገፈረው አተላ በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ላም 2 ኪሎ፣ ከዚያ በየቀኑ 1 ኪሎ እየተጨመረ በዘጠነኛው ቀን 10 ኪሎ ደረሰ። ከዚያ አያልፍም። ጭድ ወይም ድርቆሽ ቀድሞ ይሰጣል፤ አተላ ብቻውን አያመሰኳም። አተላም ፉርሽካም ፎስፈረስ ይበዛቸዋል፣ ካልሲየም ያንሳቸዋል፤ ስለዚህ በቀን 100 ግራም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይጨመራል። የተቃጠለ ኖራ አይደለም፤ እሱ አፍ ያቃጥላል። ፋጉሎው ከ3 ኪሎ ወደ 1 ኪሎ ተኩል ወረደ፤ ወተቱ አልቀነሰም። ጉድጓዱ ከተከፈተ በኋላ በየቀኑ ከፊቱ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ካልተቆረጠለት የተጋለጠው ክፍል ይሞቃል። የተቆረጠበት ፊት ቀጥ ያለ ይሁን፤ በአካፋ መቦርቦር አየር ያስገባል።

ታኅሣሥ 20 ቀን። ውል

ሁለተኛው ጭነት ሳይጠፍ ተጭኖ 18 በመቶ ደረቅ ይዘት ይዞ መጣ። በሚዛን 50 ኩንታል ነው፣ ከመጀመሪያው ጋር እኩል። ግን የመጀመሪያው 1,100 ኪሎ ደረቅ ነገር ሲይዝ ይህ 900 ኪሎ ብቻ ነው። በረቱ ለ200 ኪሎ ውሃ ዋጋም ነዳጅም ከፈለ፤ ተጨማሪ ፉርሽካም ገዛ። ከዚህ በኋላ ዋጋው በኩንታል አተላ ሳይሆን በኪሎ ደረቅ ይዘት ሆነ። የምጣዱ ልኬት ሁለቱም ወገን ባሉበት ይደረጋል። ቢራ ፋብሪካው ጠፈፍ አድርጎ መጫን ራሱን እንደሚጠቅመው ያየው ያኔ ነው፤ በሚቀጥለው ጭነት 23 በመቶ መጣ።

ስድስቱን ወገኖች በአንድ ሰነድ ለማስፈረም ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ያን መጠበቅ ዓመት ይበላል። በዴንማርክ የካሉንድቦርግ ከተማ፣ የኃይል ማመንጫው እንፋሎት ለነዳጅ ማጣሪያውና ለመድኃኒት ፋብሪካው፣ ጂፕሰሙ ለግድግዳ ሰሌዳ ሠሪው፣ ከኢንሱሊን ሥራ የተረፈው እርሾ ለአሳማ አርቢዎች ይሄድበት የነበረው ቅብብል ለዓለም ምሳሌ ሆኗል። እሱም በአንድ ዕቅድ አልተወለደም፤ ሁለት ሁለት ሆነው በተዋዋሉ ድርጅቶች አንድ በአንድ ተቀጠለ። እዚህም ውሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ተፈረመ፤ እያንዳንዱ አንድ ገጽ ነው፦ ደረቅ ይዘት፣ የመጫኛ ሰዓት፣ የማይቀበሉት ነገር ዝርዝር፣ ጭነት ሲቀር በስንት ሰዓት አስቀድሞ እንደሚነገር።

ጥር 5 እና ጥር 27። ፌጦ

ኮምፖስት መብሰሉን በቀለሙ መፍረድ አይቻልም። ፌጦ ግን ያልበሰለ ኮምፖስት ላይ አይሸነግልም፤ ቶሎ ይበቅላል፣ ሥሩም ለአሞኒያ ስስ ነው። በሁለት ሳህን 20 20 ፍሬ ተዘራ፤ አንዱ አፈር፣ ሌላው እኩል የተደባለቀ አፈርና ኮምፖስት። ጥር 5 ከአፈሩ 19፣ ከድብልቁ 11 በቀለ፤ የድብልቁ ሥር ጫፉ ቡናማ ሆኖ ታጠፈ። ክምሩ ቀዝቅዞ ነበር፣ ግን አልበሰለም። በጥቂቱ ውሃ ተረጭቶ ለሦስት ሳምንት ተተወ። ጥር 27 ከድብልቁ 18 በቀለ፤ ሥሩ ነጭና ቀጥ ያለ ነው።

የአበባ እርሻው 10 ጆንያ ለአንድ መደብ ወሰደ። በቀጣዩ የሚታየው የጨው መጠኑ ነው፤ የበረት ሽንት የገባበት ኮምፖስት ጨው ይዞ ሊመጣ ስለሚችል መደቡ በሳምንት አንድ ጊዜ ይለካል። ከክምሩ የቀረው በወንፊት ተነፍቶ ለሁለተኛው ክምር ማድረቂያ ተቀምጧል።